የመጀመሪያው እምቢታ

«ነይ ግቢ እንግዳዬ፣ በሩ አልተዘጋም...»

ሠናይት ከዚህ አታልፍም። ዜማው ይቀጥላል፣ ቃሉ ግን የለም። ካልጋሪ፣ ሞንተሬይ ፓርክ በሚባል ሰፈር ውስጥ ከአንድ ግራጫ ቤት ፊት ለፊት መኪናዋን ፓርክ አድርጋ፣ ሞተሩን ሳታጠፋ፣ ሁለተኛውን ስንኝ እም እም እያለች በአፍንጫዋ ትሞላዋለች። ዘፈኑን የሰማችው በልጅነቷ ነው፤ አክስቷ ሠርግ ላይ ይሁን ከጎረቤት ሬዲዮ ግን አታስታውስም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ዘማሪ ስለሆነች ዓለማዊ ዘፈን ስታንጎራጉር ማንም እንዲሰማት አትፈልግም። መኪናው ውስጥ ግን ከእሷና ከሚያጓራው ማሞቂያ በቀር ማን አለ።

የካቲት ነው። ትናንት ከተራሮቹ የወረደው ሞቃት ነፋስ በረዶውን አቅልጦት ነበር፤ ሌሊት ተመልሶ በረደና መንገዱ መስታወት ሆነ። ሠናይት ወደ ቤቱ በር አየት፣ ወደ መሪው መለስ፣ እንደገና ወደ በሩ አየት አለች። ዛሬ ዓርብ ነው። ዛሬ ቢሮው ከመዘጋቱ በፊት እዚያ ቤት ውስጥ የሚኖሩት የጋሼ ሞላልኝ ፋይል ይዘጋል። ሥራዋ አልቋል፣ መምጣትም አልነበረባትም። የመጣችው በምሳ ሰዓቷ ነው፤ ምሳዋ፣ ያ የታሸገ ሳንድዊች፣ ከኋላ ወንበር ላይ ደርቆ ተቀምጧል።

ሥራዋ አዛውንቶችን መጠበቅ ነው። ቤት ለቤት እየዞረች የሚበድላቸው ሰው እንዳለ፣ ወይም ራሳቸውን መርዳት አቅቷቸው እንደሆነ ታያለች። ወደዚህ ሥራ የመጣችው በአቋራጭ አልነበረም። ብዙ ዓመት የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ሰው ስታነሳ፣ ስታገላብጥ፣ ስታጥብ ኖራለች፤ ወገቧ ዛሬም ዝናብ ሊመጣ ሲል ይነግራታል። ማታ ማታ ተምራ ዲፕሎማዋን ይዛ እዚህ መሥሪያ ቤት ስትገባ የማኅበረ ምእመናኑ እናቶች አቅፈው ሳሟት። የሚሉትን የሚሰማ ሰው አገኙ ማለት ነበር ለእነሱ።

ዘመኑ የነዳጅ ዘይት ዘመን ነው። የከተማው ወንድ ግማሹ ሰሜን ካምፕ ነው፤ ወጥቶ ይከርማል፣ መጥቶ ይተኛል፣ ተመልሶ ይወጣል። ስካይቪው ራንች የሚባለው ሰፈር ላይ አምና ሣር የነበረው ዘንድሮ ቤት ሆኗል፣ የቤቱ የባንክ ዕዳ፣ ሞርጌጁ ደግሞ ባልን ሰሜን ሰዶ ሚስትን ሁለት ሺፍት ያሠራል። አዛውንቶቹ የልጅ ልጅ ሊጠብቁ ከአገር ይመጣሉ። ልጆቹ ያድጋሉ። ከዚያ በኋላ አዛውንቶቹን ማን ይጠብቅ?

ስለ አዛውንቶች የሚመጣው ጥቆማ በዛ። ሠራተኛ ጠፋ፤ ዘይቱ እንዲህ እየከፈለ ማን በቢሮ ደመወዝ ይቀመጣል። መሥሪያ ቤቱም መላ ብሎ አዲስ አሠራር አመጣ። ለእያንዳንዱ ሰው የአደጋ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ነጥቡ ከፍ ካለ ቶሎ ይደረስለታል፣ ዝቅ ካለ ፋይሉ ይዘጋል። ሠናይት መጀመሪያ ደስ ብሏት ነበር፤ ይህ መደበቅ የለበትም። ከዚያ በፊት ቀድሞ የሚታየው ልጁ ስልክ ላይ የሚጮህለት ሰው ነበርና። አሁን ጩኸት ቀርቶ ልክ መጣ ብላ አመነች።

ልኩ ግን ግራ ያጋባት ጀመር። ራንድል ሰፈር የሚኖሩት እትዬ ደመቀች ከልጅ ልጆቻቸው ጋር አንድ ክፍል ያድራሉ፣ የባንክ ካርዳቸውን ልጃቸው ይይዝላቸዋል፣ ብቻቸውን ከቤት አይወጡም። ነጥባቸው ጣሪያ ነካ። በየሳምንቱ ሰው ይላክባቸዋል።

«ምን ሰርቄ ነው እንዲህ የምትመላለሱብኝ?» አሏት አንድ ቀን ክንዷን ይዘው። «ልጄ ካርዴን ባይዝልኝ ማን ሊይዝልኝ ነው፣ አንቺ? አንቺማ ቁልፍሽን እንኳ ባለፈው የኔ ሶፋ ላይ ረስተሽ ነው የሄድሽው።»

እትዬ ደመቀች ጉንጫቸው ሞልቶ፣ ልጆች ተንጠላጥለውባቸው፣ እየተሳደቡ በደስታ ይኖራሉ። የጋሼ ሞላልኝ ነጥብ ደግሞ ዝቅተኛ ሆነ።

ስለ ጋሼ ሞላልኝ የነገራት ማትያስ ነው፤ እሑድ እሑድ አዛውንቶችን በቫን ከየቤታቸው እየለቀመ ወደ ጸሎት ቤት የሚያመጣው። «ኮታቸው ውስጥ አሁን ሌላ አንድ ሰው ይገባል» አላት። «እሑድ ደረጃው ላይ ራሳቸውን ሳቱ፤ ደግፌያቸው ነው ያልወደቁት። ሲነቁ ምን አሉኝ መሰለሽ? ‹ቫኑ ላይ የኔን ወንበር ለሌላ ሰው ስጥ።› አንድ ነገር አድርጊ እንጂ፣ ጠባቂ ነሽ አይደል?»

ሄደች። ቤቱ ንጹሕ፣ ሙቅ። ምራታቸው አፀደ ከሥራ ፈቃድ ጠይቃ ጠበቀቻት፤ እጆቿ በሆስፒታል ሳሙና የተላጡ፣ ዓይኖቿ እንቅልፍ የናፈቃቸው ሴት ናት። ፍሪጁን ሳትጠየቅ ከፈተችላት። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ቀይ ወጡ በየክዳኑ፣ እንጀራው ተጠቅልሎ። «ሠርቼላቸው ነው የምሄደው። በዕረፍቴ ደውዬ በሉ ወይ እላለሁ፤ ‹ጠግቤአለሁ ልጄ› ይሉኛል። ምን ላድርግ?» አለች። ድምፅዋ ክስ የሚጠብቅ ሰው ድምፅ ነበር።

ሠናይት ጥያቄዎቹን እንደተጻፉት ጠየቀች።

«ጋሼ፣ ምግብ በበቂ ያገኛሉ?»

«ይመስገን፣ ምን ጠፍቶ።»

«የሚያስቸግርዎ፣ የሚያስፈራራዎ ሰው አለ?»

«እዚህ ቤት? ኧረ መላእክት ናቸው።»

«የስኳር መድኃኒትዎን ራስዎ ይወስዳሉ?»

«ሰዓቱን ዝንፍ አላደርግም።»

«ቤት መጥቶ የሚረዳዎ ሰው እንድንልክልዎ ይፈልጋሉ?»

«አያስፈልግም። ለእኔ ብላችሁ ሰው አታስቸግሩ።»

ባመሰገኑ ቁጥር ነጥባቸው ወረደ። ስትነሳ ጋሼ ሞላልኝ አንድ ሳህን ከፍሪጅ አውጥተው፣ «እስቲ አፍሽ ላይ አንድ ነገር አድርጊ» አሏት። በልቻለሁ አለች። በደንበኛ ቤት ምንም መቅመስ በሥራው ደንብ የተከለከለ ነው። ሳህኑን ወደነበረበት መለሱት። ያን ቀን ይህንን አየችው እንጂ አላስተዋለችውም።

ሰኞ ዕለት አዲሱ አሠራር እንዴት እየሠራ እንደሆነ የሚገመገምበት ስብሰባ ነበር። አለቃዋ ሎሬን ክፉ ሰው አይደለችም። የሚናገራትን ሰው ዓይን ዓይኑን እያየች ታዳምጣለች፣ ሻይ ስታፈላ ለሁሉም ታፈላለች። ተራ የሚጠብቀው ሰው ብዛት መቀነሱን ተናገረች፤ እውነቷን ነው፣ ቀንሷል። በገዛ ቤታቸው ይደበደቡ የነበሩ አንዲት አሮጊት በዚሁ ነጥብ ምክንያት ቶሎ ተደርሶላቸዋል፤ ይህም እውነት ነው። ከዚያ ሠናይት እጇን አነሳች።

«ሞላልኝ የሚባሉት ሰው እየከሱ ነው። ነጥባቸው ዝቅ ያለ ነው፣ እሳቸው ግን እያለቁ ነው። የስኳር መድኃኒቱን በባዶ ሆድ ይውጡታል።»

«ምግብ የለም?»

«ሞልቷል።»

«የሚከለክላቸው አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ ለምን አይበሉም?»

«አላውቅም።»

«ረዳት እንላክልዎ ስትያቸው ምን አሉ?»

«አያስፈልግም አሉ።»

«አእምሯቸው ጤነኛ ነው?»

«ከእኔም ከአንቺም ይሻላል።»

ሎሬን እጆቿን ዘረጋች፤ ታዲያ ምን ላድርግልሽ እንደማለት።

«እኛ ዘንድ የመጀመሪያው እምቢ እምቢ አይደለም» አለች ሠናይት፤ በእንግሊዝኛ ስትለው ከአፏ የተሰባበረ ሆኖ ወጣ። «ጨዋ ሰው ሲሰጡት ቶሎ አይቀበልም። ትለምኚዋለሽ፣ ደግሞ ትለምኚዋለሽ። እኛ ግን አንዴ እንጠይቅና ‹እርዳታ አልፈለገም› ብለን እንጽፋለን።»

ሎሬን ብዕሯን አስቀመጠች። «እኔ እዚህ ሥራ ስገባ አዛውንቶች እምቢ እያሉ ከቤታቸው አውጥተን ተቋም እናስገባ ነበር። አፋቸው ነው እንጂ ልባቸው ይፈልጋል እያልን። የአንዷ ጩኸት ዛሬም አልወጣልኝም። የትኛው እምቢ እውነተኛ እንደሆነ ማን ይወስን ሠናይት? አንቺ?»

 ሠናይት ማስታወሻ ደብተሯን ዘጋች።

«አዲስ ነገር ካላመጣሽ ዓርብ ይዘጋል» አለች ሎሬን ለስለስ ብላ።

የሚያናድደው ይሄ ነው። ሎሬን ተሳስታ ቢሆን ኖሮ ሠናይት ተቆጥታ፣ ተጣልታ፣ ወጥቶላት ትተኛ ነበር። ከስብሰባው ወጥታ መኪናዋ ውስጥ ገብታ መሪውን በመዳፏ መታችው፤ ክላክሱ ሳታስበው ጮኸ። በእግሩ የሚያልፍ አንድ ሰውዬ ደንግጦ እሷን ይቅርታ ጠየቃት። ይህ ደግሞ ባሰባት። ጥፋተኛ የሌለበት ከተማ፣ ሁሉም ይቅርታ የሚጠይቅበት፣ ሁሉም ልክ የሆነበት፤ እና አንድ ሰው በመካከሉ ቀስ እያለ እንደ ሻማ የሚያልቅበት።

ሳምንቱን ሙሉ ታዲያ ለምን አይበሉም የሚለው ጥያቄ ከእሷ ጋር ዋለ አደረ። እነሆ አሁን ሞተሩን አጠፋችና ወረደች።

በሩን ጋሼ ሞላልኝ ራሳቸው ከፈቱ። ሸሚዛቸው የተተኮሰ፣ ክራቫታቸው የታሰረ፤ ቀበቷቸው ላይ ግን በሚስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አለ፣ ከእሱም አልፎ ሌላ። ድሮ ያስጠብቁበት የነበረው ቀዳዳ ሰፍቶ ርቆ ቀርቷል።

«ግቢ ግቢ፣ ሙቀቱ ይወጣል። እንዴት ነው ብርዱ?»

«ደህና ነው ጋሼ። እርስዎ እንዴት ነዎት?»

«ይመስገን።»

ሠናይት ጥያቄዋ ሁሉ አልቆባት ካፖርቷን እንደለበሰች ወጥ ቤቱ መሃል ቆመች። ሽቦ ላይ እንደተሰቀለ ልብስ ራሷ ለራሷ ባዶ መሰለቻት። ምን ትበል? እንደገና ‹ይበላሉ ወይ› ትበል?

በሩ ተከፈተና ሄቨን ገባች፤ ሰሜን ካምፕ የሚሠራው ልጃቸው ታደገ የወለዳት፣ እዚሁ ካልጋሪ ያደገች፣ ቁመቷ ከእናቷ ያለፈ ኮረዳ። ዓርብ ትምህርት ቤት በጊዜ ይለቃል። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጣለችው።

«ሃይ አባባ። ሃይ...» ሠናይትን አየቻት። «አንቺ ኳየር ላይ ያለሽው ነሽ ኖ?»

«አዎ፣ ነኝ።»

ሄቨን ፍሪጁን ከፍታ ወተቱን አወጣች። «አባባ፣ ሀንግሪ ነህ?» አንቱ ማለት አታውቅበትም፤ ጋሼ ሞላልኝም ማረሙን ከተዉ ቆይተዋል።

«የለም የኔ ልጅ። አንቺ ብዪ።»

«ኦኬ።»

ፍሪጁ ተዘጋ። ሄቨን ወተት ያፈሰሰችበትን ሲሪያል በሳህን ይዛ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች። ነገሩ ሁሉ የፍሪጁ በር ተከፍቶ እስኪዘጋ ድረስ ነበር። ሠናይት ግን የሽማግሌውን ዓይን አየች፤ ከፍሪጁ ብርሃን ጋር በራ፣ ከበሩ ጋር ተዘጋ። ያኔ በመጀመሪያው ቀን መልሰው ያስገቡት ሳህን ታወሳት። ለካ እሷ ብትበላ ኖሮ አብረዋት ሊበሉ ነበር።

ሄቨንን ተከትላ ደረጃው ላይ ደረሰችባት።

«ሄቨን፣ አባባ ምሳ አልበሉም እኮ።»

«ጠየቅኩት። ኖ አለ። ሰማሽ አይደል?»

«አንዴ ነው የጠየቅሽው።»

«ስንት ጊዜ ልጠይቀው?»

«ሦስቴ። በሞቴ እያልሽ።»

ሄቨን ማንኪያዋን ከአፏ አወጣች። «ዛት ኢዝ ሶ ዊርድ። ሰው ኖ ካለ እኮ ኖ ነው። ስኩል ላይ ኤቭሪ ይር ነው የሚያስተምሩን። አይ ሚን፣ ሪስፔክት እያደረግኩት ነው።»

ሠናይት የሎሬንን ድምፅ በዚህች ልጅ አፍ ሰማች። ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ አልዋሸችም፤ አክብራቸዋለች። ቤቱ ውስጥ ያለው ሁሉ እያከበራቸው ነው፣ መሥሪያ ቤቱም እንዲሁ። በአክብሮት ነው ቀበቷቸው የሚበሳው።

«አባትሽ ሲመጣስ?» አለቻት።

«ዳድ ሲኖር ይበላል። በጣም። ዳድ እጁን ጎትቶ ነው የሚያመጣው፤ ላይክ ይጨቃጨቃሉ። አባባ ኖ ይላል፣ ዳድ ይቆጣል፣ ኢትስ ሶ ፈኒ። ከዛ ይበላል።»  ማንኪያው ሳህኑ ውስጥ ቆመ። «ዌት።»

ሠናይት በልቧ ለሎሬን ደብዳቤ ጀመረች፤ ‹ደንበኛው ካልለመኑት አይበላም።› ከዚያስ? ‹የሚለምን ሰው ይቀጠርልን›? የትኛው ጥያቄ ሥር ይገባል? አደጋው የሚታወቀው በሰዎች ክፋት፣ በቤት መቆሸሽ፣ በሰውየው አቅም ማጣት ነው። ጨዋነት ሰው ይገድላል ተብሎ የት ይጻፋል? እና ብትጽፈውስ፣ ነገ ሌላ ሠራተኛ የሌላ ሰው እውነተኛ እምቢታ ደፍጥጦ በዚሁ ጽሑፍ ሰው ቢጎትትስ? ተናደደች፤ ያውም የሚወረወርበት ሰው የሌለው ንዴት።

«ፋይን» አለች ሄቨን እየተነሳች። «ምን ነበር የምለው?»

«በሞቴ።»

«ምን ማለት ነው?»

«እኔ ልሙት... ኧረ ዝም ብለሽ በያት።»

ላይ ወጡ። ጋሼ ሞላልኝ በመስኮት የመንገዱን በረዶ ያያሉ። ሄቨን ምስሩንና ሽሮውን አሙቃ፣ እንጀራውን ዘርግታ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ቆማ የይለፍ ቃል እንደሚያነብ ሰው አለች፦

«አባባ። ብላ። በሞቴ።»

ዞር አሉ። «ማን አስተማረሽ ይቺን?»

«ብላ።»

«የለም ልጄ፣ ጠግቤአለሁ።»

ሄቨን ሠናይትን አየቻት። ሠናይት በቅንድቧ ቀጥዪ አለቻት።

«በሞቴ፣ አጌይን።»

ሽማግሌው ሳቁ፤ ሳቃቸው ሳል ሆነና ጠረጴዛውን ያዙ። «ልጅ አይደለሽም አንቺ፣ እንደ አባትሽ ነገረኛ ነሽ።» ወንበሩን በእጃቸው ነኩት፤ ሳቡት፤ ከዚያ ቀና ብለው ካፖርቷን ለብሳ የቆመችውን ሠናይትን አዩና እጃቸው ቆመ። «እንግዳ ቆሞ እኔ እንዴት ቁጭ ብዬ እበላለሁ? መጀመሪያ እሷን አስቀምጫት።»

«እኔ በልቻለሁ ጋሼ» አለች ሠናይት።

«ዋሸሽ። ፊትሽ ይናገራል።»

«የሥራ ደንብ ነው፣ አይፈቀድልንም። ከሥራ ያስወጡኛል።»

«እሺ» አሉ፤ አልተቆጡም። የለመዱት ነገር ነበር። ወንበሩን ወደ ቦታው መለሱት። «ተዪው እንግዲህ ሄቨን፣ ክደኚው።»

ሄቨን ክዳኑን እንደያዘች ቆመች። የሽሮው እንፋሎት ወደ ላይ ይወጣል። ሠናይት መሄድም መቆየትም አቅቷት ምን እያደረገች እንደሆነ ሳታውቅ አፍንጫዋ ያቺን ዜማ ጀመረ።

«ምንድነው የምታዜሚው?» አሉ ጋሼ ሞላልኝ።

አፈረች። «የልጅነት ዘፈን ነው። ‹ነይ ግቢ እንግዳዬ፣ በሩ አልተዘጋም› ይላል። ቀጣዩ ጠፍቶብኛል። ያውቁታል?»

«አላውቀውም። ዘፈን ከተውኩ ዘመን ሆነኝ።» ጣቶቻቸው ጠረጴዛው ላይ ምት ፈለጉ። «ግን ቤቱን እኔ ልምታልሽ። ‹ያላንቺ ብቀምስ፣ ልቤ አይረጋም።› ይሆናል?»

እንዲህ አልነበረም። ሠናይት እርግጠኛ ናት፣ እንዲህ አልነበረም። ዜማው ላይ ግን እንደተለካለት ቁልፍ ገባ። ይህን ሁሉ ዓመት ባዶ ይዛው የኖረችው ቦታ ሞላ፤ በሞላበት ቅጽበት ደግሞ ዓይኗ ሞላ።

«በሞቴ» አሉ ጋሼ ሞላልኝ፤ ጮክ አላሉም።

ካፖርቷ ኪስ ውስጥ ስልኳ ተንዘረዘረ። ቢሮ ነው፤ ሌላ ማን ይደውላል በዚህ ሰዓት። ፋይሉ ይዘጋል። ሰኞ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ማን እንደሚቀመጥ፣ ማክሰኞስ ማን ብሉ እንደሚል አታውቅም፤ ለሎሬን ምን ብላ እንደምታስረዳም አታውቅም። ተስፋ የሚባል ነገር አልመጣላትም። የመጣላት ረሃብ ብቻ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ውኃ እንኳ አልቀመሰችም።

ካፖርቷን አውልቃ ከነስልኩ መስቀያው ላይ ሰቀለችው። እጇን ታጠበች። ጋሼ ሞላልኝ ወንበር ሳቡላት፤ እሳቸው ቆመው እሷ እስክትቀመጥ ጠበቁ።

«አንተም ና ብላ አባባ» አለች ሄቨን፤ ክዳኑን ጥላ ሦስተኛውን ወንበር እየጎተተች።

ሠናይት ተቀመጠች። እሳቸውም ተቀመጡ።